ከአከርካሪ ኦፕሬሽን በኋላ ጉዳት ሲደርስ፦ የሕክምና ቸልተኝነት ካሳ እንዴት ይጠየቃል?

ሕመሙ ይቀልልኛል ብሎ ጀርባውን ኦፕሬሽን የተደረገ ሰው ብሶበት ሲወጣ፣ አእምሮው ውስጥ የሚመላለሰው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ሐኪሙ አጥፍቶ ነው ወይስ የእኔ ዕድል ነው?» ቤተሰብም ለሁለት ይከፈላል። ግማሹ «ነገ ዛሬ ሳትል ክሰስ» ይላል። ሌላው «ከሐኪም ጋር ተካሶ ማን አሸነፈ? ተወው» ይላል።

ሁለቱም የሚናገሩት ሰነዱን ሳያዩ ነው። ጥፋት መኖር አለመኖሩን የሚናገረው የሕክምና ካርዱ ነው። እዚያ ውስጥ ደግሞ ሰው ሁሉ ቀድሞ የሚፈልገው የሐኪሙ እጅ የሳተበትን ቅጽበት ነው። እኔ ግን ሁለት ሌሎች ቦታዎችን አስቀድሙ እላለሁ። አንደኛው ከኦፕሬሽኑ በፊት የተነገረዎት ነገር ነው። ሁለተኛው ከኦፕሬሽኑ በኋላ ያሉት ሰዓታት ናቸው፦ ምልክት ሲታይ ማን፣ መቼ፣ ምን አደረገ? ብዙ የአከርካሪ ክርክር የሚጸናው ወይም የሚወድቀው እነዚህ ላይ ነው።

ሕጉ ከአገር አገር ይለያያል፤ ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ጠበቃን አይተካም። ጠበቃ ቢሮ ሲገቡ ግን ባዶ እጅዎን እንዳይገቡ ያደርግዎታል።

1. መጀመሪያ ሰውነትዎ፣ ከዚያ ክሱ

ኦፕሬሽኑ የቅርብ ጊዜ ከሆነ እነዚህን ምልክቶች ያስተውሉ። ብሽሽት፣ ብልትና መቀመጫ አካባቢ መደንዘዝ። ሽንት አልመጣ ማለት ወይም ሳይታወቅ ማምለጥ። ሰገራን መቆጣጠር አለመቻል። ሁለቱም እግር ላይ እየባሰ የሚሄድ ድክመት። እነዚህ በታችኛው አከርካሪ ውስጥ ያለው የነርቮች ጥቅል እየተጫነ መሆኑን ሊያሳዩ ይችላሉ። ሐኪሞች ኮዳ ኢኳይና ሲንድረም ይሉታል። አስቸኳይ ኤምአርአይ ይፈልጋል፤ ጫናው ከተረጋገጠም ብዙ ጊዜ አስቸኳይ ኦፕሬሽን ይከተላል። «እስከ ነገ ልየው» የሚባል ነገር አይደለም። አሁኑኑ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

እዚያ ሲደርሱ ምልክቱን አያድበስብሱት። የሽንትና የብልት ነገር ያሳፍራል፤ ሰው «እግሬ ደነዘዘ» ብሎ ብቻ ያልፋል። ሙሉውን ይናገሩ። ካርዱ ላይ እንዲጻፍም ይጠይቁ። ያልተነገረና ያልተጻፈ ምልክት ለሕክምናም ለክርክርም እንዳልነበረ ይቆጠራል።

ትኩሳት፣ ከቁስሉ የሚወጣ መግል ወይም ጥርት ያለ ፈሳሽ፣ ሲቀመጡ የሚብስና ሲተኙ የሚለቅ ከባድ ራስ ምታት ካለም ሐኪም ዘንድ ይቅረቡ። በመጀመሪያው ሐኪም እምነት ካጡ ሌላ ስፔሻሊስት ያማክሩ እንጂ ሕክምና አያቁሙ። ፊዚዮቴራፒ የተተወ፣ መድኃኒት ያልተወሰደ እንደሆነ ተከሳሹ ወገን «ጉዳቱን ያባሰው ራሱ ነው» ብሎ ይከራከራል። በብዙ አገር ሕግ ተጎጂው ጉዳቱን ለመቀነስ የሚችለውን ማድረግ አለበት።

2. መጥፎ ውጤት ሁሉ ቸልተኝነት አይደለም

ይህን መስማት ለተጎዳ ሰው ከባድ ነው። ግን ቀድሞ ማወቁ ብዙ ገንዘብና ዓመት ያተርፋል። ጥፋት ላይ የተመሠረተ የካሳ ክስ በብዙ አገር በአራት ነገሮች ላይ ይቆማል። ሐኪሙ ወይም ሆስፒታሉ ለእርስዎ ኃላፊነት ነበረበት። ሙያው የሚጠይቀውን ጥንቃቄ አጓደለ። እርስዎ ላይ ጉዳት ደረሰ። ያንን ጉዳት ያመጣውም ጉድለቱ ነው። የመጀመሪያው ብዙም አያከራክርም። ሰው የሚሸነፈው በሁለተኛውና በመጨረሻው ነው።

አንድ ምሳሌ ልውሰድ። በኦፕሬሽን ጊዜ የህብለ ሰረሰር ሽፋን መቀደድ በጎበዝ ሐኪም እጅም ያጋጥማል። ሐኪሙ ቀዳዳውን አይቶ ከሰፋው፣ በኦፕሬሽን ማስታወሻው ከጻፈውና ለታማሚው ከነገረው፣ አብዛኛውን ጊዜ ክስ አይወጣውም። ያው ቀዳዳ ሳይታይ ቀርቶ፣ ቁስሉ ፈሳሽ እያንጠባጠበ ታማሚው ወደ ቤቱ ቢላክና ማጅራት ገትር ቢይዘው ግን ነገሩ ሌላ ነው። ቀዳዳው ሁለቱም ላይ አንድ ነው። የተለየው የተደረገለት ክትትል ነው።

አጥብቀው ሊጠይቁባቸው የሚገቡ ሁኔታዎች እነዚህ ናቸው፦

- የተሳሳተ ደረጃ ላይ፣ ማለትም ከታሰበው ውጭ ባለ አከርካሪ ላይ መሥራት። ወገብ ላይ በተለምዶ 5 አከርካሪዎች አሉ። አንዳንድ ሰው ላይ የመጨረሻው ከሥሩ ካለው አጥንት ጋር ተዋህዶ ይገኛል፤ ቆጠራን ያሳስታል። ለዚህ ነው ሐኪሙ ኦፕሬሽን ክፍል ውስጥ በራጅ ደረጃውን የሚያረጋግጠው። ያ ምስል ተቀምጧል ወይ? ይጠይቁ።
- አከርካሪን ለማያያዝ ገብቶ ቦታውን የሳተ ብሎን። ብሎን ከአጥንቱ ትንሽ መውጣቱ ብቻውን ጥፋት አይደለም። እስከ 2 ሚሊ ሜትር የሚደርሰውን ብዙ ባለሙያዎች ችግር የማያመጣ አድርገው ያዩታል። ጥያቄው ነርቭ ነክቷል ወይ የሚለው ነው። ታማሚው ሲነቃ አዲስ ድክመት ካሳየስ ሲቲ ስካን በጊዜው ታዘዘ ወይ?
- ከኦፕሬሽን በኋላ የተጠራቀመ ደም። ደሙ ህብለ ሰረሰሩን ሲጫን እግር በሰዓታት ውስጥ ሊዝል ይችላል። የዋርድ ነርሶች የእግር ጥንካሬና ስሜት በየጊዜው መዝግበዋል ወይ? ለውጥ ሲያዩ ለማን ደወሉ?
- በጊዜ ያልታየ ኢንፌክሽን፣ ውስጥ የተረሳ ጨርቅ ወይም መሣሪያ።
- ከመነሻውም የማያስፈልግ ኦፕሬሽን። የኤምአርአይ ምስሉና የሕመሙ ቦታ ካልተገናኙ፣ ሌላ ሕክምና ሳይሞከርም አስቸኳይ ያልሆነ ኦፕሬሽን ከተደረገ፣ ይህም ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ይፋ ያደረገው የቀዶ ሕክምና ደህንነት ቅጽ አለ። ሦስት ጊዜ ቆም ተብሎ ይሞላል፦ ከማደንዘዣ በፊት፣ ቆዳ ከመቀደዱ በፊትና ታማሚው ክፍሉን ከመልቀቁ በፊት። ማንነት፣ የኦፕሬሽኑ ቦታ፣ የመሣሪያና የጨርቅ ቆጠራ እዚያ ይረጋገጣሉ። በእርስዎ ፋይል ውስጥ መኖሩንና ተሞልቶ መፈረሙን ማየት አይርሱ።

በጣም ደካማው ጉዳይ የትኛው ነው? «ኦፕሬሽን ተደረግኩ፣ ሕመሙ ግን አልለቀቀኝም» የሚለው። የጀርባ ኦፕሬሽን ሕመምን ሁልጊዜ አያጠፋም። ከዚህ ሌላ የሚያሳዩት ነገር ከሌለ ጠበቃው ፋይሉን መልሶ ቢሰጥዎት አይገረሙ።

3. ይርጋውን ዛሬውኑ ያጣሩ

ሰነድ መሰብሰብ ሳይጀምሩ ክስ የማቅረቢያ ጊዜዎ መቼ እንደሚያልፍ ይወቁ። በኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2143 ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት ካሳ የሚጠየቀው ጉዳቱ ከደረሰ ጊዜ ጀምሮ በ2 ዓመት ውስጥ ነው። በእንግሊዝ በመርህ ደረጃ 3 ዓመት ነው፤ የሚቆጠረው ጉዳቱ ከደረሰበት ወይም ተጎጂው ስለ ጉዳዩ ካወቀበት ቀን ነው። በጀርመን 3 ዓመቱ የሚጀምረው ተጎጂው ባወቀበት ዓመት ማብቂያ ላይ ነው። በካሊፎርኒያ ጉዳቱ ከደረሰ 3 ዓመት ወይም ከታወቀ 1 ዓመት ሲሆን፣ ቀድሞ የደረሰው ይሠራል።

ልዩነቱን አዩት? «ጓደኛዬ ሦስት ዓመት አለህ ብሎኛል» ማለት የትም አያደርስም። ሆስፒታሉ የመንግሥት ከሆነ ደግሞ በአንዳንድ ቦታ ከክሱ በፊት በአጭር ጊዜ ውስጥ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ መስጠት ግድ ነው። ለሕፃናትና ራሳቸውን መወከል ለማይችሉ ሰዎች የተለየ ደንብ አለ።

ብዙ ሰው የሚወድቅበት ወጥመድ ይህ ነው፦ ከሆስፒታሉ ጋር በትህትና ደብዳቤ ይጻጻፋል፣ «እያጣራን ነው» ይባላል፣ ቀኑ ያልፋል። በብዙ አገር ድርድርና አቤቱታ ይርጋን በራሳቸው አያቆሙም። ለጠበቃ የመጀመሪያው ጥያቄዎ «የእኔ የመጨረሻ ቀን መቼ ነው?» ይሁን። መልሱንም በጽሑፍ ይያዙ።

አንዳንድ አገር ውስጥ የጥፋት ማስረጃ ማምጣት ላያስፈልግዎት ይችላል። ኒውዚላንድ ከእ.ኤ.አ. 1974 ጀምሮ የሐኪሙ ጥፋት ሳይጣራ ተጎጂ የሚካስበት የመንግሥት ሥርዓት አላት። ስዊድንም የታማሚዎች መድን አላት። እንዲህ ያለ አገር ከሆኑ መንገድዎ ከፍርድ ቤት ይልቅ ማመልከቻ ነው።

4. ሙሉውን ፋይል ይጠይቁ

«የሕክምና ማስረጃ ስጡኝ» ካሉ አንድ ገጽ የመውጫ ማጠቃለያ ይሰጡዎታል። እሱ አይበቃም። በጽሑፍ፣ ቀን ጠቅሰው፣ በዝርዝር ይጠይቁ፦

- ከኦፕሬሽኑ በፊት የነበሩ የምርመራ ማስታወሻዎችና የስምምነት ቅጹ
- ሐኪሙ የጻፈው የኦፕሬሽን ማስታወሻ
- የማደንዘዣ ሠንጠረዥና የደህንነት ቅጹ
- የነርሶች የቀንና የሌሊት ማስታወሻ፣ የሙቀት፣ የደም ግፊት፣ የእግር ጥንካሬና የሽንት መጠን መዝገብ
- የመድኃኒት አሰጣጥ ቅጽና የላቦራቶሪ ውጤቶች
- ራጅ፣ ሲቲና ኤምአርአይ፤ ከነሪፖርታቸው
- ብሎን ወይም ሌላ ነገር ከገባ የዕቃው መለያ ተለጣፊ

ስለ ምስሎቹ አጽንኦት ልስጥ። ፊልሙን በስልክ ፎቶ አንስቶ መያዝ ብዙም ዋጋ የለውም። ባለሙያው ምስሉን እያገላበጠ በሚሊ ሜትር መለካት አለበት፤ ለዚህ ዋናውን ዲጂታል ፋይል በሲዲ ወይም በፍላሽ ያስፈልገዋል። ከኦፕሬሽኑ በፊትና በኋላ የተነሱት ሁለቱም ይኑሩ። አንዱ ያለ ሌላው ምን እንደተለወጠ አያሳይም።

ተለጣፊዋ ደግሞ ትንሽ ወረቀት ናት። ብሎኑ የመጣበት ማሸጊያ ላይ ትነሳና ኦፕሬሽን ማስታወሻው ላይ ትለጠፋለች። የአምራቹ ስም፣ የዕቃው መጠንና የምርት ቁጥር አለባት። ብሎኑ ከተሰበረ ወይም ከተፈታ፣ ኃላፊው ሐኪሙ ሳይሆን አምራቹ ሊሆን ይችላል። ያንን ለመከታተል መነሻው ይህች ቁጥር ናት። ብሎኑ በሌላ ኦፕሬሽን የሚወጣ ከሆነም እንዳይጣል አስቀድመው በጽሑፍ ይጠይቁ።

መብትዎ በሕግ የተጻፈ ሊሆን ይችላል። በአውሮፓ ኅብረት የመረጃ ጥበቃ ደንብ መሠረት የመጀመሪያው ቅጂ ያለ ክፍያ ይሰጣል፤ ጥያቄውም በመርህ ደረጃ በአንድ ወር ውስጥ መልስ ማግኘት አለበት። በአሜሪካ የፌዴራል ደንብ የሚሰጠው ጊዜ 30 ቀን ነው። የትም ይሁኑ፣ ጥያቄውን ሲያስገቡ ማኅተም ወይም ፊርማ ያለበት መቀበያ ይውሰዱ። «ካርዱ ጠፍቷል» ከተባለ ያንኑ በደብዳቤ እንዲጽፉልዎት ይጠይቁ። መጥፋቱም ማስረጃ ይሆናል።

አንድ ነገር እለምንዎታለሁ፦ ዋናው ሰነድ ላይ ምንም አይጻፉ፣ አያስምሩ፣ ገጽ አይንቀሉ። ማስታወሻዎን ፎቶ ኮፒው ላይ ያድርጉ።

5. የሰዓት ቅደም ተከተል ይሥሩ

የዚህ ሁሉ ልብ እዚህ ነው። ትውስታ በየቀኑ ይደበዝዛል፤ ስለዚህ ፋይሉ እስኪመጣ አይጠብቁ። ዛሬ ማታ ቁጭ ብለው የሚያስታውሱትን ይጻፉ። አስታማሚ የነበረውን ሰውም ለብቻው እንዲጽፍ ያድርጉ። ተነጋግረው ከጻፉት የአንዱ ትውስታ የሌላውን ይለውጠዋል።

እንዲህ ይመስላል እንበል፦

«ማታ 2:00፦ እግሬን አንቀሳቀስኩ፣ ነርሷ አየች። ሌሊት 6:30፦ የግራ እግሬ ከበደኝ፣ ለነርሷ ነገርኳት፣ የማደንዘዣው ነው አለችኝ። ሌሊት 8:00፦ ጣቴን ማንሳት አቃተኝ። እህቴ ነርሷን ጠራቻት። ጠዋት 2:15፦ ሐኪም መጣ። ቀን 7:00፦ ኤምአርአይ ተነሳሁ።»

ፋይሉ ሲመጣ ከጎኑ ሌላ ዓምድ ይጨምሩና ሆስፒታሉ የጻፈውን ያስገቡ። እዚህ ላይ ሰዓት አቆጣጠር እንዳያሳስትዎ። ሆስፒታሉ በዓለም አቀፉ ሰዓት 02:00 ብሎ የጻፈው እርስዎ ሌሊት 8 ሰዓት የሚሉት ነው። ሁለቱን ካደባለቁ የ6 ሰዓት ስህተት ይገባል፤ ተከሳሹ ወገን ያንን ይዞ ሙሉ ቃልዎን ያጣጥለዋል። ከመጀመሪያው አንዱን አቆጣጠር ይምረጡና ሁሉንም በእሱ ይጻፉ። ስለ ዓመተ ምሕረቱም እንደዚያው።

ከዚያ ክፍተቱን ይፈልጉ። ከላይ ባለው ምሳሌ ቅሬታው ከተነገረበት እስከ ሐኪም መምጣት 7 ሰዓት ከ45 ደቂቃ አለ። በዚያ መሃል የነርሷ ማስታወሻ «ታማሚው በደህና ተኝቷል» ካለ አንድ ነገር ያሳያል። «ለተረኛ ሐኪም ደወልኩ፣ አልመጣም» ካለ ደግሞ ሌላ ነገር ያሳያል። ምንም ካልተጻፈ ያም ይናገራል።

ካርዱ ላይ «5/5» ወይም «3/5» የሚል ቁጥር ያገኛሉ። የጡንቻ ጥንካሬ መለኪያ ነው፤ 0 ምንም እንቅስቃሴ የለም፣ 5 ሙሉ ጥንካሬ ማለት ነው። 3 ማለት እግሩን ከመሬት ስበት አንጻር ማንሳት ይቻላል፣ በእጅ ሲገፋ ግን አይቋቋምም። ከኦፕሬሽኑ በፊት የነበረው ቁጥርና በኋላ ያለው በየቀኑ ምን እንደሆነ ይደርድሩ። በፊት 5/5 የነበረ ጡንቻ ሲነቁ 2/5 ከሆነ አዲስ ጉዳት ነው። ቀድሞም 2/5 ከነበረ ግን ሙግቱ ከባድ ይሆናል፤ ተከሳሹ «በሽታው ያመጣው ነው» ይላል።

የትኛው እንቅስቃሴ እንደጠፋም ይጻፉ። የእግርን አውራ ጣት ወደ ላይ ማንሳት ካቃተ ብዙ ጊዜ አምስተኛው የወገብ ነርቭ ይጠረጠራል። በጣት ጫፍ መቆም ካቃተ ከእሱ በታች ያለው። ሽንትና ሰገራን የሚቆጣጠሩት ደግሞ ዝቅ ብለው ያሉት ናቸው። ባለሙያው ጉዳቱን ከተሠራበት ደረጃ ጋር የሚያገናኘው በዚህ ነው።

6. ፈርሜያለሁ ብለው ተስፋ አይቁረጡ

«የስምምነት ቅጽ ላይ ፈርሜያለሁ፣ አለቀልኝ» የሚሉ ብዙ ናቸው። አላለቀም። ፊርማው የሚያሳየው ወረቀት እንደተሰጠዎት ነው። ሕጉ የሚጠይቀው ግን ምን እንደተነገረዎትና መረዳትዎን ነው። ሐኪም እንዲያጓድል ፈቃድ የሚሰጥ ፊርማ ደግሞ የለም።

በስምምነት ጉዳይ በዓለም ላይ ተደጋግመው ከሚጠቀሱት ፍርዶች ውስጥ በርካታዎቹ ከአከርካሪ ኦፕሬሽን የመጡ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1972 በዋሽንግተን ዲሲ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት የተሰጠው ፍርድ በ19 ዓመቱ ጀርባውን ኦፕሬሽን የተደረገና ሽባ የሆነ ወጣት ጉዳይ ነበር። 1 በመቶ ገደማ የሆነው የሽባነት አደጋ አልተነገረውም። ፍርድ ቤቱ መለኪያው ሐኪሞች ለመናገር የለመዱት ሳይሆን፣ ታማሚው ለመወሰን ማወቅ የሚያስፈልገው ነው አለ።

በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2004 የተወሰነው ደግሞ ይበልጥ ያስገርማል። ሴትየዋ የወገብ ዲስክ ኦፕሬሽን ተደርጋ ኮዳ ኢኳይና ሲንድረም ደረሰባት። ኦፕሬሽኑ ራሱ በቸልተኝነት አልተሠራም። ነገር ግን ከ1 እስከ 2 በመቶ የሚሆነው አደጋ አልተነገራትም። ብታውቅ ኖሮ ለዘላለም እምቢ እንደምትል አልተናገረችም፤ በዚያ ቀን ግን አላደርገውም ነበር አለች። 3 ለ2 በሆነ ድምፅ አሸነፈች። የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2015 ይህንን አቅጣጫ አጠናክሮ፣ ሐኪም ለታማሚው ትርጉም ያለውን አደጋና ሌሎች አማራጮችን መንገር አለበት አለ።

የእርስዎ አገር ሕግ ይህን ያህል ላይሄድ ይችላል። ሆኖም እነዚህን ጥያቄዎች ይመልሱ፦ ቅጹ መቼ ተሰጠዎት? ኦፕሬሽን ክፍል በር ላይ በተሽከርካሪ አልጋ ተኝተው ነው ወይስ ቀናት ቀድሞ? በሚያውቁት ቋንቋ ነበር? ካልነበረ ማን አስተረጎመ? ያለ ኦፕሬሽን መቆየት እንደሚቻል ተነግሮዎታል? ቢነገርዎት ምን ይወስኑ ነበር? የመጨረሻውን በሐቀኝነት ይመልሱት። መራመድ አቅቶት የነበረ ሰው «1 በመቶ አደጋ ቢነገረኝ እምቢ እል ነበር» ሲል ዳኛው ሊያምነው ይከብደዋል።

7. የትኛውን በር እንደሚያንኳኩ ይለዩ

የሆስፒታሉ አቤቱታ ክፍል ማብራሪያና ይቅርታ ሊሰጥ ይችላል። የሙያ ተቆጣጣሪው አካል ሐኪሙን ሊያስጠነቅቅ፣ ፈቃዱን ሊያግድ ይችላል። ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ የሚመለከታቸው ጥፋቱ የወንጀል ደረጃ ላይ ሲደርስ ነው። ካሳ የሚወሰነው ግን በፍትሐ ብሔር ክስ ወይም ከመድን ድርጅት ጋር በሚደረግ ስምምነት ነው። በአንዱ ማሸነፍ በሌላው ማሸነፍ አይደለም። ግን የተቆጣጣሪው የምርመራ ውጤት ለካሳው ክስ ጥሩ ስንቅ ሊሆን ይችላል።

ለሆስፒታሉ ሲጽፉ ስድብና ዛቻ አያስገቡ። የሆነውን፣ ቀኑንና ጥያቄዎን ብቻ ይጻፉ። «በ2ኛው ሌሊት እግሬ መዛሉን ከተናገርኩ በኋላ እስከ ጠዋት ሐኪም ያላየኝ ለምንድነው?» የሚል ጥያቄ መልስ ያስገድዳል። «ነፍሰ ገዳዮች ናችሁ» የሚለው መልስ አያስገድድም፤ ክስ ሊያመጣብዎትም ይችላል። በማኅበራዊ ሚዲያም የሐኪሙን ስምና ፎቶ አይለጥፉ። ሠርግ ላይ ቆመው የተነሱት ፎቶ ደግሞ «መቆም አልችልም» ካሉት ጋር ተያይዞ ፍርድ ቤት ሊቀርብ እንደሚችል ያስቡ።

8. ጠበቃና ባለሙያ ምስክር

የመሬትና የፍቺ ጉዳይ የሚይዝ ጎበዝ ጠበቃ ለዚህ ሥራ ላይሆን ይችላል። ሲመርጡ የሚጠይቁት፦ የሕክምና ጉዳት ክስ ይዘዋል? የአከርካሪ ስፔሻሊስት ባለሙያ ከየት ያመጣሉ? ክፍያው በምን መልክ ነው? ብሸነፍ የሌላውን ወገን ወጪ እከፍላለሁ? በአንዳንድ አገር ጠበቃው ካሸነፈ ብቻ ድርሻ ይወስዳል፤ በሌላ አገር ይህ የተከለከለ ወይም የተገደበ ነው። የክፍያ ውሉን ሳያነቡ አይፈርሙ።

ቀጥሎ ገለልተኛ ባለሙያ ፋይሉን ያነባል። በአንዳንድ የአሜሪካ ግዛቶች ያለ ባለሙያ ማረጋገጫ ክሱ ጭራሽ አይከፈትም። ባለሙያው እርስዎን የሠራው ዓይነት ሐኪም ቢሆን ይመረጣል፦ የአከርካሪ አጥንት ወይም የነርቭ ቀዶ ሐኪም። ያጓደለው ዋርዱ ከሆነ የነርስ ባለሙያ፣ ምስሉ ተሳስቶ ከተነበበ የራዲዮሎጂ ባለሙያ ያስፈልጋል። ከተከሳሹ ሐኪም ጋር የሚሠራ፣ እሱን የሚጠላ ወይም ከእሱ ጋር የሚዛመድ ሰው አይሁን።

ባለሙያው ሁለት ጥያቄ ይመልሳል። አንደኛ፣ ብቁ የሆነ ሐኪም እንዲህ ያደርግ ነበር ወይ? ሁለት የታወቁ የአሠራር መንገዶች ካሉና ሐኪሙ አንዱን ከመረጠ፣ ሌላው ይሻል ነበር ማለት ብቻ አይበቃም። ሁለተኛ፣ ጉድለቱ ባይኖር ኖሮ እርስዎ ዛሬ ምን ላይ ይሆኑ ነበር? ኤምአርአዩ ቀን 7:00 ከሚሆን ሌሊት 9:00 ቢነሳ ኖሮ እግሩ ይድን ነበር ወይ? መልሱ «ምናልባት» ከሆነ በብዙ ፍርድ ቤት አይበቃም፤ ካለመዳኑ ይልቅ መዳኑ ይበልጥ የሚመስል መሆን አለበት።

ባለሙያው «ጥፋት የለም» ካለ ምክንያቱን በዝርዝር እንዲያስረዳ ይጠይቁ። መልሱ ካላረካዎት ሌላ ባለሙያ መጠየቅ ይቻላል። ሁለቱም አንድ ነገር ካሉ ግን እዚያ ላይ ማቆም ሽንፈት አይደለም። ቢያንስ የሆነውን አውቀዋል።

9. የጉዳቱን መጠን በወረቀት ያሳዩ

ሰው ሁሉ የሚያስበው የሕክምና ወጪውን ነው። ካሳ ግን ከዚያ ይሰፋል። የቀረ ደመወዝ፣ ወደፊት የሚቀር ገቢ፣ ትራንስፖርት፣ ምርኩዝና ተሽከርካሪ ወንበር፣ የሽንት ቱቦና ዳይፐር፣ የቤት ማስተካከያ፣ ሕመምና ሥቃይ፣ የወሲብ ሕይወት መጎዳት። የመጨረሻውን ለጠበቃ መናገር የሚከብዳቸው ብዙ ናቸው። ግን ትልቅ ጉዳት ነው፣ ይነገር።

ሥራዋን ትታ የምታስታምምዎት ሚስት ወይም እህት ጉልበትም በብዙ አገር ይሰላል። በቀን ስንት ሰዓት፣ ምን እንደምትሠራ ትመዝግብ፦ ማንሳት፣ ማጠብ፣ ልብስ ማልበስ፣ ሌሊት መነሳት። ደረሰኝ ሁሉ በአንድ ፖስታ ይቀመጥ። አጭር የዕለት ማስታወሻም ይያዙ። «ዛሬ በጣም አመመኝ» ከሚል ይልቅ «ዛሬ ጫማዬን ራሴ ማሰር አልቻልኩም፣ ሌሊት ሁለት ጊዜ አልጋው ረጠበ» የሚለው ይናገራል።

10. ደብዳቤ፣ ድርድር፣ ፍርድ ቤት

ጠበቃዎ አስቀድሞ የካሳ ጥያቄ ደብዳቤ ይልካል፦ የሆነው፣ የተጓደለው፣ ያስከተለው፣ የሚጠየቀው። በእንግሊዝ ተከሳሹ ለዚህ ደብዳቤ መልስ ለማዘጋጀት 4 ወር ይሰጠዋል። ሌላ ቦታ እንዲህ ያለ ደንብ ላይኖር ይችላል። በዚህ ጊዜ የሆስፒታሉ መድን ሰጪ በቀጥታ ቢደውልልዎት ወደ ጠበቃዎ ይምሩት። በስልክ የተናገሩት «ደህና ነኝ፣ ተሽሎኛል» ተቀርጾ ሊመጣ ይችላል።

ብዙ ጉዳይ ዳኛ ፊት ሳይደርስ በስምምነት ያልቃል። ገላጋይ ፊት ሲቀመጡ ከዚህ በታች አልወርድም የሚሉትን መጠን ከጠበቃዎ ጋር ቀድመው ይወስኑ። ቶሎ የሚመጣ ትንሽ ገንዘብ የሚፈትነው እጅ ሲያጥር ነው። የነርቭ ጉዳት ደግሞ የት ላይ እንደሚቆም ለማየት ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይወስዳል። ጉዳቱ ሳይረጋጋ የተፈረመ ስምምነት ነገ ለሚመጣው ኦፕሬሽን ምንም አያስቀርም።

ክሱ ፍርድ ቤት ከሄደ ዓመታት ሊፈጅ ይችላል። ሲመሰክሩ የማያስታውሱትን «አላስታውስም» ይበሉ። አጋነው የተናገሩት አንዲት ነገር እውነተኛውን ሁሉ ታስጠረጥራለች።

ከመፈረምዎ በፊት የስምምነቱን ወረቀት ይዘው እነዚህን ይፈልጉ። «ሙሉና የመጨረሻ» ይላል? ያ ማለት ሁኔታዎ ቢብስም ተመልሰው አይጠይቁም ማለት ነው። በአንዳንድ አገር ወደፊት ሊመጣ የሚችል የታወቀ ችግርን ለይቶ ለኋላ የሚያቆይ ስምምነት ወይም ፍርድ አለ፤ ይቻል እንደሆነ ይጠይቁ። ገንዘቡ በአንድ ጊዜ ነው የሚከፈለው ወይስ በየዓመቱ? የጠበቃው ድርሻና የባለሙያው ክፍያ ተቀንሶ እጅዎ ላይ የሚደርሰው ስንት ነው? ሆስፒታሉ ወይም የጤና መድኑ ያልተከፈለ ሒሳብ ከላዩ ይወስዳል? ስለ ጉዳዩ እንዳይናገሩ የሚከለክል አንቀጽ ካለ፣ ለሙያ ተቆጣጣሪው አቤት ማለትንና ለሚያክምዎት ሐኪም መናገርን እንዳይጨምር ያስደርጉ። መክፈያው ቀን በቁጥር ይጻፍ፤ ቢዘገይ ምን እንደሚሆንም አብሮ ይጻፍ።